ቁማር፣ ቤቲንግና ሎተሪ በጎጃም፦ የተፈቀደውና የተከለከለው
ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቁማር በሕግ ተፈቅዷል ወይስ ተከልክሏል?

ሁለቱም መልስ ይሰማል፤ ሁለቱም ግማሽ እውነት ነው። «ቁማር ተፈቅዷል» የሚል ሕግ የለንም። አዋጅ ቁጥር 535/1999 ያደረገው፣ አሸናፊው በዕጣ ወይም በዕድል የሚለይበትን ጨዋታ «የሎተሪ ሥራ» ብሎ ሰይሞ ለብሔራዊ ሎተሪ መስጠት ነው። ሌላ ሰው ልሥራ ካለ ከዚሁ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማውጣት አለበት። ቤቲንግ በመንግሥት ወረቀት ላይ «የስፖርት ውርርድ ሎተሪ» የሚባለውም ለዚህ ነው። ጨዋታው ፈቃድ ሲኖረው ሎተሪ ነው፣ ሳይኖረው ሲቀር ግን ሕገወጥ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ቤቶች አንድ ዓይነት ጨዋታ ሲያጫውቱ አንደኛው ሕጋዊ፣ ሌላኛው ጥፋተኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ «ይህ ጨዋታ ይፈቀዳል?» ከማለት «ይህን ጨዋታ ለማጫወት ፈቃዱ በማን ስም ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ታዲያ የትኞቹ ናቸው ያለ ሥጋት የሚሸጡት?

የብሔራዊ ሎተሪ የራሱ ዕጣዎች፦ መደበኛው ሎተሪ፣ ለአዲስ ዓመት የሚወጣው እንቁጣጣሽ፣ ተፍቆ የሚታየው ፈጣን ሎተሪ፣ በስልክ መልእክት የሚቆረጠው። ቀጥሎ በፈቃድ የሚካሄዱት ቶምቦላ፣ ቢንጎ፣ ለዕቃ ማስተዋወቂያ የሚወጣ ዕጣና የስፖርት ውርርድ ይመጣሉ። ፈቃድ የሚሰጠው ለተጠየቀው የጨዋታ ዓይነት ነው። ለስፖርት ውርርድ የወጣ ፈቃድ ሌላውን ሁሉ አይከፍትም። አውሮፕላኗ እየወጣች ኦዱ (ያስያዙት ብር የሚባዛበት ቁጥር) የሚያድግበት ጨዋታ ስክሪን ላይ ካለ፣ ድርጅቱን «ይህስ በፈቃዳችሁ ውስጥ አለ?» ማለት ተገቢ ነው። እግር ኳስ የለበትም፤ ለእግር ኳስ ውርርድ የወጣ ወረቀት አይሸፍነውም።

ፈቃዱን የሚሰጠው ክልሉ ነው ወይስ ፌደራል? በሩ ላይ ቆሜ ምን ልይ?

የጨዋታው ፈቃድ ፌደራል ነው። የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት የሚሰጠው የንግድ ፈቃድ ለብቻው ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ግድግዳው ላይ ማኅተም ያለበት የተሰቀለ ወረቀት ያይና «ሕጋዊ ነው» ይላል። ጠጋ ብለው ያንብቡት። ከላይ የሰጪው መሥሪያ ቤት ስም ማን ይላል? የድርጅቱ ስም ከትኬቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰላል? የሚያበቃበት ቀን አልፏል? ሦስተኛውን የሚያነብ ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለውም እዚያ ነው። ወኪል ቤት ከሆነ የዋናው ድርጅት ፈቃድ ቅጂና የውክልና ውሉ መኖር አለበት። «ባለቤቱ ቆልፎበት ሄዷል» ከተባሉ ገንዘብዎን ኪስዎ ያቆዩት።

ልጄ 19 ዓመቱ ነው፣ መታወቂያም አለው። መጫወት ይችላል?

አይችልም። ለስፖርት ውርርድ የተቀመጠው ዕድሜ 21 ነው፤ «21+» የሚለው ጽሑፍ በየቤቱ በር የተለጠፈው ለዚህ ነው። በብዙ ጉዳይ 18 ዓመት የሞላው አዋቂ ነው፤ እዚህ ግን ሦስት ዓመት ይቀረዋል። ተግባር ላይ ደግሞ ካሸሩ መታወቂያ ሲጠይቅ የሚታየው ትልቅ ገንዘብ ሲወጣ ነው። ሲያስይዝ ያልጠየቀው ሲያሸንፍ ይጠይቃል። በዕድሜ ምክንያት የተከለከለ ክፍያ ላይ ልጁ የሚያቀርበው ክርክር ደካማ ነው፤ በታላቅ ወንድም ስም የተከፈተ አካውንትም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ገንዘቡ በሕግ የሚሆነው ለስሙ ባለቤት ነው። ከባሕር ዳርና ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብዙዎቹ 21 እንዳልሞላቸው ግቢው በር አካባቢ የሚከፍቱት ቤቶች አያጡትም።

ትኬቱ ላይ 1,087 ብር ይላል፣ እጄ የደረሰው 923 ብር ከሳንቲም ነው። ሰረቁኝ?

ላይሆን ይችላል። ትኬቱን ከላይ ወደ ታች እናንብበው።

100 ብር አስያዙ እንበል። የመጀመሪያው ቅነሳ እዚያው ይጀምራል፦ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ በመደቡ (ባስያዙት ብር) ውስጥ ተካቶ ከተቆጠረ፣ 13.04 ብሩ ታክስ ሆኖ ለጨዋታው የሚቀረው 86.96 ብር ነው። ኦዱ የሚባዛው በዚህ እንጂ በ100 አይደለም። ጠቅላላ ኦድዎ 12.50 ከነበረ 1,087 ብር ይመጣል። ሁለተኛው ቅነሳ የዕድል ጨዋታ ገቢ ግብር ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ሲወጣ ከአሸናፊነት ገንዘብ ላይ 15 በመቶ ጣለ፤ ከ1,000 ብር በታች የሆነውን ነፃ አደረገ። በዚህ መጣኔ ከ1,087 ብር 163.05 ሲነሳ 923.95 ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ አስቂኝ ነገር አለ። ግብሩ የሚነሳው ከ1,000 በላይ ካለው ትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላው ነው። 999 ብር ያሸነፈ 999 ይዞ ይሄዳል፣ 1,000 ያሸነፈ ግን 850። ከ1,000 እስከ 1,175 ብር ድረስ ያሸነፈ ሁሉ 999 ካሸነፈው ያነሰ ይዞ ይወጣል። ከላይ ባለው ምሳሌ ኦዱ 12.50 መሆኑ ቀርቶ 11.40 ቢሆን ኖሮ 991.34 ብር፣ ምንም ሳይነካ፣ በእጅዎ ይገባ ነበር። ትኬት ሲቆርጡ «ሊያሸንፉ የሚችሉት» የሚለው መስመር በዚህ ክልል ውስጥ ከወደቀ አንዱን ጨዋታ ማውጣት ይሻላል።

የቀደመ ኪሳራ ከግብሩ አይቀነስም። ባለፈው ሳምንት 5,000 ብር ቢበሉም የዛሬው 6,000 ብር ሙሉውን ይቆጠርና 900 ብር ይነሳል። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ተደርጎበታልና መጣኔውን በተከፈሉበት ቀን ደረሰኝ ላይ ያረጋግጡ። ታክስ ተቀንሶ ደረሰኝ ካልተሰጠዎት ግን ያኔ «ሰረቁኝ?» የሚለው ጥያቄ ቦታ አለው።

ስድስት ጨዋታ ደምሬ ብቆርጥ ትልቅ ይከፍላል፤ ምን ችግር አለው?

የሕግ ችግር የለበትም፣ የሒሳብ እንጂ። ለአንድ ጨዋታ ኦዱ ባለሜዳ 2.10፣ አቻ 3.20፣ እንግዳ 3.30 ከሆነ፣ አንድን ለእያንዳንዱ አካፍለው ይደምሩ፦ 0.476፣ 0.3125 እና 0.303፤ ድምሩ 1.09 ገደማ ነው። ፍትሐዊ ቢሆን ድምሩ ልክ 1 በሆነ ነበር። ትርፏ የቤቱ ናት። በዚህ ኦድ ከ100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 92 ብር አይሞላም። ስድስት ሲደምሩ ቤቱ ስድስት ጊዜ ይቆርጣል፤ ቁርጡም እርስ በርሱ ይባዛና ከ100 ብሩ በአማካይ 59 ብር ብቻ ይቀራል። የመደቡ ታክስ ሲነሳለት ወደ 51 ይወርዳል። «አምስቱ ገብተው አንዱ ቆረጠኝ» የሚለው የየቅዳሜው እሮሮ ከዕድለ ቢስነት የመጣ አይደለም፤ ትኬቱ ሲቆረጥ ጀምሮ የታወቀ ነው።

አሸንፌ አንከፍልም አሉኝ። ምን ላድርግ?

ከሁሉ በፊት ትኬቱን ፎቶ ያንሱት፣ በፊትም በጀርባም። የቤቲንግ ትኬት በሙቀት የሚጻፍ ወረቀት ነው፤ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ በላብ፣ የመኪና መስታወት ሥር በፀሐይ በጥቂት ቀን ይነጣል። ባርኮዱ ከጠፋና የትኬት ቁጥሩ ካልተነበበ ካሸሩ «ሲስተሙ አያውቀውም» ቢል መልስ የለዎትም። በቴሌብር ያስያዘ ሰው የግብይት ቁጥሩን ይያዝ፤ አጭር መልእክቱን አያጥፋ።

ቀጥሎ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ጨዋታው ተቋርጧል ወይም ተላልፏል፤ ኦዱ በስሕተት ገብቷል፤ የክፍያ ጊዜው አልፏል። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ የተቋረጠው ጨዋታ ኦድ 1 ተብሎ ሌላው ይቀጥላል። ሁለተኛው ግን ጨዋታው ካለቀና እርስዎ ካሸነፉ በኋላ ብቻ የሚነሳ ከሆነ አጥብቀው ይከራከሩ። ሦስተኛውን በትኬቱ ጀርባ ካለው የጊዜ ገደብ ጋር ያመሳክሩ።

ካሸር ጋር መጨቃጨቅ ጊዜ ማባከን ነው፤ የመወሰን ሥልጣን የለውም። አቤቱታው ለዋናው ድርጅት በጽሑፍ ይሂድ፣ ቅጂው ላይ ገቢ የተደረገበት ማኅተምና ቀን ይሁን። መልስ ከሌለ ፈቃዱን ለሰጠው ለብሔራዊ ሎተሪ ያመልክቱ። ፈቃዱን የሚያድስላቸው እሱ ስለሆነ ከጠበቃ ደብዳቤ ይልቅ እሱን ይሰማሉ። ፍርድ ቤት የመጨረሻው በር ነው፤ ለ2,000 ብር ከሞጣ ባሕር ዳር መመላለስ ያዋጣ እንደሆነ ግን አስቀድመው ያስሉ። ቤቱ ፈቃድ ያልነበረው ከሆነ ይህ ሁሉ መንገድ ዝግ ነው።

ኢንተርኔት ሲጠፋ ያስያዝኩት ምን ይሆናል?

የተመዘገበ ትኬት ኔትወርክ ቢጠፋም ይቀጥላል፤ ውጤቱ የሚሰላው በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ነው። አደጋው ያለው ገንዘቡ ከስልክዎ ወጥቶ አካውንትዎ ውስጥ ሳይገባ መሐል ላይ ሲቋረጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ አካውንታቸው ውስጥ ብር እያለ መግባት ያቃታቸው ብዙ ናቸው። አካውንት ባንክ አይደለም፤ ያሸነፉትን የዚያኑ ቀን ያውጡት።

በውጭ አገር ድረ ገጽ መጫወትስ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ፈቃድ የለውም፤ በሌላ አገር ያለው ፈቃድ እዚህ አይሠራም። ብሩ የሚሻገረው ደግሞ በደላላ ወይም በክሪፕቶ ነው፤ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በዲጂታል ገንዘብ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል። አካውንቱ ቢታገድ ማን ይከሰሳል? ደላላው በቴሌግራም የሚታወቀው በቅጽል ስሙ ብቻ ነው።

ካርታ፣ ከረንቡላና ፑልስ?

ከረንቡላው ራሱ ጨዋታ ነው። ተሸናፊው የጠረጴዛውን ሒሳብ ቢከፍል ማንም ጉዳዬ አይለውም። ሁለት ጓደኛሞች በአንድ ቢራ ቢወራረዱም አዘጋጅ የለም፤ የሎተሪ ሥራ አይባልም። ነገሩ የሚለወጠው ቤቱ መደብ ሰብስቦ ከየዙሩ የራሱን ሲቆርጥ ነው፤ ያኔ ያለ ፈቃድ የሚያስቆምር ቤት ሆኗል፤ ፖሊስ ሲመጣ ጠረጴዛውን፣ ካርታውንና መሬት ላይ ያለውን ገንዘብ እንደ ማስረጃ ይይዛል። «እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር» የሚለው መልስ ለብዙ ሰው አልሠራም።

እቁብ፣ ቅርጫና የቤተ ክርስቲያን ቶምቦላ ቁማር ናቸው?

እቁብ አይደለም። ዕጣው የሚወስነው ማን መቼ እንደሚወስድ እንጂ ማን እንደሚያጣ አይደለም፤ 20 ሰው 1,000 ብር ቢጥል ሁሉም በተራው 20,000 ይወስዳል። ዳኛው ይዞ ቢሰወር ጉዳዩ የእምነት ማጉደል ነው።

ቅርጫማ ጭራሽ። በሬው ታርዶ ሥጋው መደብ መደብ ሆኖ ቅጠል ላይ ሲደረደር፣ ዕጣ የሚጣለው «ለእገሌ የተሻለው ደረሰው» እንዳይባል ነው። «መደብ» የምትለዋ ቃል ከቅርጫ ወደ ቁማር እንዴት እንደዞረች የቋንቋ ሰዎች ይንገሩን፤ ሕጉ ግን ሁለቱን አያምታታም። በቅርጫ የከፈለ ሁሉ ሥጋ ይዞ ይገባል።

ቶምቦላ ይለያል። ለሕንፃ ማሠሪያ ቢሆንም፣ ሽልማቱ በግ ቢሆንም፣ ትኬት ተሸጦ ዕጣ ከወጣ ፈቃድ ይፈልጋል። ዓላማው መልካም መሆኑ ከፈቃድ ነፃ አያደርግም። ኮሚቴው ትኬቱን ከማሳተሙ በፊት ብሔራዊ ሎተሪ ይሂድ። የተለመደው ስሕተት ፊቱን ወደ ኋላ ማድረግ ነው፦ መጀመሪያ ይታተማል፣ ግማሹ ይሸጣል፣ ከዚያ ፈቃድ ይጠየቃል። የዕጣው ቀን ሲራዘም ገዢው ያጉረመርማል፣ ያልተሸጡት ትኬቶች ቁጥር ይጠፋል፣ መጨረሻ ላይ አንደኛው ዕጣ ላልተሸጠ ትኬት ይወጣና ሰበካ ጉባኤው ይጣላል። በሱቅ «ይህን ለገዛ ቴሌቪዥን በዕጣ» ማለትም ያው ነው።

በቁማር ተበልቼ «40,000 ብር ተበድሬያለሁ» ብዬ ፈርሜያለሁ። መክፈል አለብኝ?

ይህን ጥያቄ በደንብ ያንብቡት፤ ከሁሉም ብዙ ቤት የሚያፈርሰው ይኸኛው ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1716 ጉዳዩ ሕገወጥ ወይም ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ የሆነ ውል አይጸናም ይላል። ከሕገወጥ ቁማር የመጣ ዕዳ በዚህ ይወድቃል። ተበዳሪ የሚበዛባቸው አስቆማሪዎች ይህን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ቁማር» የምትል ቃል አትገኝም። «ለግል ጉዳዬ በጥሬ ገንዘብ ተቀብያለሁ» ተብሎ ሁለት ምስክር ይፈርምበታል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በዋናነት በጽሑፍ እንዲረጋገጥ አንቀጽ 2472 ስለሚያዝ፣ ያ ወረቀት ለአበዳሪው ጠንካራ ማስረጃ ነው። የተፈረመን ጽሑፍ በቃል ምስክር ማፍረስ ደግሞ እጅግ ከባድ ነው።

ስለዚህ ያልፈረመ አይፈርም። የፈረመ፣ ዕዳው ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ማናቸውንም ነገር ይሰብስብ፦ የዚያ ሌሊት የቴሌብር ዝውውር፣ «የትናንቱን መደብ መቼ ትሰጠኛለህ» የሚል መልእክት፣ የድምፅ ቅጂ። የክስ መጥሪያ ሲደርስ መልስ በቀነ ገደቡ ይግባ። «ሐሰት ነው፣ አልሄድም» ብሎ ቤት የተቀመጠ በሌለበት ይፈረድበታል። ወለድ ተጽፎ ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 2479 በዓመት ከ12 በመቶ በላይ አይፈቅድም፤ በወር 10 በመቶ የሚል ወረቀት ይዞ የሚመጣ አበዳሪ ራሱ በአራጣ ሊጠየቅ ይችላል። እዳውን ለማስከፈል ማስፈራራትም ለብቻው ወንጀል ነው፤ ለፖሊስ ያመልክት።

ባሌ የመሬት ደብተሩን አስይዞ ቆመረ። መሬቱን ይወስዱብኛል?

ደብተሩን በእጁ የያዘ ሰው መሬቱን አልያዘም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላልና በቁማር የተላለፈ ማሳ የለም። ደብተሩ ላይ የእርስዎም ስምና ፎቶ ካለ የሱ ፊርማ ብቻ ምንም አያመጣም። ዛሬውኑ ወደ ቀበሌው የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ሄደው ደብተሩ በሰው እጅ መሆኑን ያሳውቁ፤ በኪራይ ስም ሌላ ውል እንዳይመዘገብበት ያስጠነቅቁ። እውነተኛው አደጋ እሱ ነው፦ ቁማር የሚል ሳይሆን «ለዓመታት አከራይቻለሁ» የሚል ወረቀት።

ቤት፣ በሬና እህል ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የጋራ ቤትን አንዱ ብቻውን ሊሸጥ አይችልም፤ የክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው የሚገዛው። በሱ ላይ ተፈርዶ አፈጻጸሙ የጋራ ንብረት ላይ ከመጣ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 418 የእርስዎ ድርሻ እንዳይነካ ተቃውሞ ያቅርቡ። ፍርዱ ራሱ መብትዎን ከነካ ደግሞ በአንቀጽ 358 የፍርድ መቃወሚያ አለ። ሐራጁ ከተሸጠ በኋላ መምጣት በሬን ከገዢው ቤት እንደመፈለግ ነው፤ ማስታወቂያው እንደተለጠፈ ይሂዱ።

«የተሸጠ ጨዋታ (ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ) አለ፣ 3,000 ብር ላክ» የሚለውስ?

ማጭበርበር ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ሻጩ መቶ ሰውን በሦስት ክፍል መድቦ ለእያንዳንዱ ክፍል የተለያየ ውጤት ይልካል፤ አንዱ ክፍል መግባቱ አይቀርም፣ እነዚያ ይመሰክሩለታል። መናኸሪያ ላይ «ሎተሪ ደርሶኛል፣ መታወቂያ የለኝም፣ በርካሽ ውሰደው» የሚለውም የቆየ ተንኮል ነው፤ ቁጥሩ በምላጭ ተፍቆ የተለወጠ ትኬት ነው የሚያሳየው። ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ቁጥሩ ሥር ያለውን ወረቀት ይዩት፦ ይሳሳል፣ ይሻክራል። ትኬት ሳይቆርጡ «ዕድለኛ ሆነዋል፣ የአገልግሎት ክፍያ ይላኩ» የሚል መልእክትም ያው። ሦስቱም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የማታለል ወንጀል ናቸው፤ እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርሱ ይችላሉ። ብሩን እንደላኩ ወደ ቴሌብር ወይም ወደ ባንኩ ደውለው ያሳግዱ። ተቀባዩ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚያወጣው።

ቡሬ ላይ ቤቴን ለቤቲንግ ላከራይ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

ውሉን ከወኪሉ ሳይሆን ከፈቃዱ ባለቤት ድርጅት ጋር፣ ወይም ድርጅቱ ባወቀው ወኪል ያድርጉ። የፈቃዱን ቅጂ ከውሉ ጋር ያያይዙ። ቤቱ ቢታሸግ ኪራይ እንደሚቀጥልና ውስጥ ያሉትን ስክሪኖችና ጠረጴዛዎች ማን እንደሚያወጣ ይጻፍ፤ እሽግ ያለበትን በር አከራዩ በራሱ ቢከፍት ጥፋቱ ወደሱ ይዞራል። አካባቢው ትምህርት ቤት አጠገብ ከሆነ ቅድሚያ ክፍያው ምንም ያህል ቢያጓጓ ይተዉት፤ ማሸግ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነኩት እነዚያ ናቸው።